ጁሊየስ ሮዝንዋልድ (1862–1932)፦ የጋራ መዋጮን ሥርዓት ያደረጉ በጎ አድራጊ

ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የተገኙ ወጣቶችን የሚያስተምሩ፣ ሙያ የሚያስጨብጡና መዋያ ስፍራ የሚያዘጋጁ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች ከፋውንዴሽኖች የገንዘብ ድጋፍ በሚጠይቁበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ይቀርቡላቸዋል። የመጀመሪያው ድርጅቱና የሚያገለግለው ማኅበረሰብ በበኩላቸው ምን ያዋጣሉ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ድጋፉ ሲያበቃ ሥራውን ማን ይረከበዋል የሚል ነው። እነዚህ ጥያቄዎች ለአንዳንድ አመልካቾች ገንዘቡን ለመከልከል የተፈለጉ ሰበቦች መስለው ይታያሉ። ነገር ግን ጥያቄዎቹ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ታሪኩን ለመረዳት ከአንድ መቶ ዓመት በፊት በአሜሪካ የኖሩትን የጁሊየስ ሮዝንዋልድን ሕይወት መመልከት ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና አስተዳደግ

ጁሊየስ ሮዝንዋልድ ኦገስት 12 ቀን 1862 በኢሊኖይ ግዛት በምትገኘው በስፕሪንግፊልድ ከተማ ተወለዱ። ዘመኑ አሜሪካ በባርነት ምክንያት ለሁለት ተከፍላ የእርስ በርስ ጦርነት የምታካሂድበት ነበር። ያደጉትም ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ወደ መዲናዪቱ ከመሄዳቸው በፊት ይኖሩበት በነበረው ሰፈር ነው። አባታቸው ሳሙኤል ከጀርመን የመጡ አይሁዳዊ ስደተኛ ሲሆኑ፣ ኑሯቸውን የጀመሩት ሸቀጥ ይዘው ከመንደር መንደር እየዞሩ በመሸጥ ነው። ከጊዜ በኋላ ግን የልብስ መደብር ለማስተዳደር በቁ።

ወጣቱ ጁሊየስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አላጠናቀቁም። በ1879 ወደ ኒው ዮርክ ሄደው በልብስ ንግድ ከተሰማሩት አጎቶቻቸው ዘንድ ሙያውን ተማሩ። በ1885 ደግሞ ወደ ቺካጎ ተዛውረው የወንዶች ልብስ የሚያመርት ድርጅት ከባልደረባቸው ጋር አቋቋሙ። በ1890 ኦገስታ ነስባምን አግብተው አምስት ልጆች አፈሩ።

ሀብት ያፈሩበት ሥራ

በ1895 የሮዝንዋልድን ሕይወት የለወጠ አጋጣሚ ተፈጠረ። ሲርስ ሮበክ የተባለው ኩባንያ ሸቀጦቹን በካታሎግ እያስተዋወቀ በፖስታ የሚልክ ነበር። ደንበኞቹም በአብዛኛው ከከተማ ርቀው የሚኖሩ ገበሬዎች ነበሩ። ኩባንያው ገበያ ሳያጣ ሥርዓትና ካፒታል ስላጠረው፣ ሮዝንዋልድና የባለቤታቸው ወንድም አሮን ነስባም በጋራ 75 ሺህ ዶላር አውጥተው ባለድርሻ ሆኑ። ሮዝንዋልድ የትእዛዝ አቀባበሉን፣ የዕቃ አደራረጉንና የሒሳብ አያያዙን በማስተካከል ኩባንያውን ከአገሪቱ ታላላቅ የንግድ ተቋማት ተርታ አሰለፉት። ከ1908 እስከ 1924 በፕሬዚዳንትነት፣ ከዚያም እስከ ሕልፈታቸው በቦርድ ሰብሳቢነት መርተውታል።

በ1906 የኩባንያው አክሲዮን ለሕዝብ ሲሸጥ ሮዝንዋልድ በአንድ ጊዜ እጅግ ባለጸጋ ሆኑ። በቺካጎ የሚሳለሙበት ምኩራብ መሪ የነበሩት ረቢ ኤሚል ሂርሽ ሀብታም ሰው ለድሃው የሚሰጠው በቸርነት ሳይሆን ፍትሕ ስለሚያስገድደው መሆኑን አጥብቀው ያስተምሩ ነበር። ሮዝንዋልድም ይህን ትምህርት በልባቸው አሳደሩ። ሀብታቸውን ያገኙት ከራሳቸው ብልኅነት ይልቅ በዕድል መሆኑን ሳይደብቁ ይናገሩ ነበር። በመሆኑም ገንዘብ መስጠት ገንዘብ ከማግኘት ይልቅ ከባድ ሥራ ነው የሚል እምነት አደረባቸው።

የመጀመሪያው የጋራ መዋጮ

ሮዝንዋልድ በ1910 ሁለት መጻሕፍት አነበቡ። አንደኛው በባርነት ተወልደው የታወቁ የትምህርት መሪ ለመሆን የበቁት ቡከር ቲ. ዋሽንግተን የራሳቸውን ሕይወት የተረኩበት ነው። ሁለተኛው ለጥቁር አሜሪካውያን ትምህርት የደከሙት የባቡር ኩባንያ ኃላፊ የዊልያም ኤች. ባልድዊን የሕይወት ታሪክ ነው። በዚያን ጊዜ በደቡብ ግዛቶች የሚኖሩ ጥቁሮች በሕግ ተለይተው፣ ከሕዝብ አገልግሎት የሚደርሳቸው ድርሻ እጅግ አነስተኛ ነበር። ወደ ሰሜን ከተሞች የሚፈልሱት ወጣቶችም ማደሪያና መዋያ የሚያገኙበት ቦታ ጥቂት ነበር።

በዚሁ ወቅት በአገራችን ወወክማ በሚል ስም የሚታወቀው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ኃላፊዎች በቺካጎ ለጥቁር ወጣቶች የሚሆን ሕንፃ ለመሥራት እርዳታ ጠየቋቸው። ሮዝንዋልድ አይሁዳዊ ቢሆኑም ጥያቄውን ተቀበሉ። ከተጠየቁትም በላይ ሰፋ ያለ ሐሳብ አቀረቡ። ማንኛውም የአሜሪካ ከተማ ለዚህ ዓላማ 75 ሺህ ዶላር ከነዋሪዎቹ ቢያሰባስብ፣ እርሳቸው 25 ሺህ ዶላር እንደሚጨምሩ አስታወቁ። በቺካጎ የዋባሽ ጎዳና ሕንፃ በ1913 ተከፈተ። በሌሎች ከተሞችም በዚሁ መንገድ ከ20 በላይ ሕንፃዎች ተሠሩ። በእነዚህ ሕንፃዎች ወጣቶች ያድሩ፣ ይማሩ፣ ስፖርት ይሠሩ፣ ሥራም ያፈላልጉ ነበር።

የሮዝንዋልድ ስጦታ ከአንድ ሕንፃ ወጪ ሩቡን ብቻ የሚሸፍን ነበር። ቢሆንም የእርሳቸው ቃል ሌሎች እጃቸውን እንዲዘረጉ ምክንያት ሆነ። ከዚህ ልምድ በመነሳት፣ ለጋሽ ሙሉ ወጪውን ቢሸፍን አንድ ሥራ ብቻ እንደሚሠራ፣ ድርሻውን ወስኖ ሌላውን ቢያነቃቃ ግን ብዙ ሥራ እንደሚሠራ ተገነዘቡ።

የቱስኪጊ ወዳጅነት

በ1911 ሮዝንዋልድ ከቡከር ቲ. ዋሽንግተን ጋር ተዋወቁ። በዚያው ዓመትም በአላባማ ግዛት የሚገኘውን የቱስኪጊን የትምህርት ተቋም ጎበኙ። ይህ ተቋም ለኢትዮጵያውያንም እንግዳ አይደለም። በፋሺስት ጣሊያን ወረራ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በአየር ኃይላችን ያገለገሉት አሜሪካዊው ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን የመካኒክነት ሙያ የተማሩት በቱስኪጊ ነው። ሮዝንዋልድ ተማሪዎቹ የሚማሩበትን ሕንፃ ራሳቸው ጡብ እየሠሩ ሲገነቡ አይተው እጅግ ተደነቁ። በ1912 የተቋሙ የቦርድ አባል ሆኑ።

በዚያው ዓመት ሃምሳኛ የልደት በዓላቸውን ያከበሩት ለልዩ ልዩ ተቋማት ወደ 700 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ በመስጠት ነበር። ከዚህም ውስጥ 25 ሺህ ዶላሩ ከቱስኪጊ ጋር ለተያያዙ ትምህርት ቤቶች የተመደበ ነበር። ዋሽንግተን ከዚህ ገንዘብ ተራፊ የሆነውን ከ3 ሺህ ዶላር በታች የሆነ መጠን በገጠር ለሚሠሩ ስድስት አነስተኛ ትምህርት ቤቶች እንዲያውሉት ፈቃድ ጠየቁ። ሮዝንዋልድም ፈቀዱ።

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት በ1913 በአላባማ ሎቻፖካ በምትባል መንደር ተሠርቶ ተጠናቀቀ። ጠቅላላ ወጪው 942 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ከዚህ ውስጥ ሮዝንዋልድ 300 ዶላር ሰጡ። በአካባቢው ያሉ ነጮች 360 ዶላር አዋጡ። ጥቁር ነዋሪዎች ደግሞ 132 ዶላር ከ50 ሳንቲም በጥሬ ገንዘብ፣ 150 ዶላር የሚገመት ደግሞ በጉልበት ሥራ አበረከቱ። በዚህች አነስተኛ ሒሳብ ውስጥ ኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች የተሠሩበት አሠራር ተጠቃልሎ ይገኛል። የሰው ጉልበት እንደ ገንዘብ ተቆጥሯል፤ የእያንዳንዱ ወገን ድርሻም በግልጽ ተመዝግቧል።

የገጠር ትምህርት ቤቶች

ዋሽንግተን በ1915 ቢያርፉም ሥራው አልተቋረጠም። ሮዝንዋልድ በ1917 በስማቸው የሚጠራውን ፈንድ አቋቋሙ። በ1920 ደግሞ የትምህርት ቤቶቹ ግንባታ አስተዳደር ከቱስኪጊ ወደ ናሽቪል ከተማ ተዛወረ። ድጋፍ የሚሰጠው በታወቁ ቅድመ ሁኔታዎች ነበር። ማኅበረሰቡ በገንዘብ፣ በቁሳቁስ ወይም በጉልበት ድርሻውን ማዋጣት ነበረበት። የትምህርት ቤቱ ይዞታ በመንግሥት የትምህርት አስተዳደር ስም መመዝገብ ነበረበት። የአካባቢው የትምህርት ቦርድም ከግብር ገቢ ተገቢውን ወጪ መሸፈንና ትምህርት ቤቱን የሕዝብ ትምህርት ሥርዓት አካል አድርጎ መያዝ ይጠበቅበት ነበር።

ሕንፃዎቹም በዘፈቀደ የሚሠሩ አልነበሩም። ከታወቀው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የመጀመሪያው ጥቁር ምሩቅ የሆኑት አርክቴክት ሮበርት ቴይለርና የቱስኪጊ ባልደረቦቻቸው የመጀመሪያዎቹን ንድፎች አዘጋጁ። በገጠር ኤሌክትሪክ ስላልነበረ ሰፋፊ መስኮቶች የጠዋትና የከሰዓት ብርሃን እንዲያስገቡ ሆነው ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ይደረጉ ነበር። ክፍሎቹን የሚለየው ግድግዳም ተነቃናቂ በመሆኑ፣ ሲፈለግ ትምህርት ቤቱ ወደ መንደር መሰብሰቢያ አዳራሽ ይለወጥ ነበር።

የገበሬዎቹ ድርሻ የተሰበሰበበት መንገድ ልብ የሚነካ ነው። አንዳንዶቹ ከእርሻቸው ጥቂት ጥማድ ለይተው ጥጥ በመዝራት ምርቱን ለትምህርት ቤቱ አደረጉ። ሴቶች ዶሮና እንቁላል ሸጡ፤ ምግብ አዘጋጅተውም ገቢ አሰባሰቡ። እንጨት ያለው እንጨት፣ መሬት ያለው መሬት ሰጠ። ምንም የሌለው እንደ ደቦ ወጥቶ በጉልበቱ ሠራ። አብዛኞቹ የሚያርሱት የሰው መሬት እንደነበረ ሲታሰብ፣ የከፈሉት ዋጋ ምን ያህል እንደነበረ ይታያል።

እስከ 1932 ድረስ በ15 ግዛቶች 4 ሺህ 977 ትምህርት ቤቶች ተሠሩ። የመምህራን መኖሪያ ቤቶችና የሙያ ማሠልጠኛዎች ሲታከሉበት የሕንፃዎቹ ቁጥር 5 ሺህ 357 ይደርሳል። ትምህርት ቤቶቹ ከ600 ሺህ በላይ ተማሪዎችን በአንድ ጊዜ የመያዝ አቅም ነበራቸው። በደቡብ አሜሪካ ገጠሮች ከነበሩት የጥቁር ልጆች ትምህርት ቤቶች በ1928 ከአምስቱ አንዱ በዚህ መርሐ ግብር የተሠራ ነበር።

ገንዘቡ ከማን መጣ?

ለጠቅላላው ግንባታ 28.4 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጪ ሆኗል። ከዚህ ውስጥ 18.1 ሚሊዮን ዶላሩ ከመንግሥት የግብር ገቢ የተገኘ ነው። ጥቁር ነዋሪዎች 4.7 ሚሊዮን፣ ነጭ ነዋሪዎች 1.2 ሚሊዮን ዶላር አዋጥተዋል። የሮዝንዋልድ ፈንድ ድርሻ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ስለዚህ ትምህርት ቤቶቹ በሮዝንዋልድ ስም ቢጠሩም፣ ባለጸጋው ከሰጡት ይልቅ ድሆቹ ገበሬዎች የሰጡት ይበልጣል። ከሁሉም የሚልቀው ደግሞ ቀድሞውኑ ለእነዚህ ልጆች ሊውል ይገባው የነበረውና በፈንዱ ግፊት የተገኘው የሕዝብ በጀት ነው።

በዚህ ምክንያት መርሐ ግብሩ ከትችት አላመለጠም። ጥቁር ገበሬዎች እንደማንኛውም ዜጋ ግብር ይከፍላሉ። የትምህርት ቦርዶች ግን ለነጭ ልጅ የሚያወጡት ለጥቁር ልጅ ከሚያወጡት ብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። እንግዲህ ገበሬዎቹ ለልጆቻቸው ትምህርት እንደገና ከኪሳቸው ሲያወጡ፣ ለአንድ አገልግሎት ሁለት ጊዜ እየከፈሉ ነበር ማለት ነው። በላባቸው የሠሩት ትምህርት ቤትም የሚመዘገበው እነርሱ ድምፅ በሌላቸው የትምህርት ቦርድ ስም ነበር። ሮዝንዋልድ የዘር መለያየቱን ሕግ በፍርድ ቤት ለማስለወጥ ሳይሆን፣ በዚያው ሕግ ሥር ላሉ ልጆች ትምህርት ለማድረስ መረጡ። ለየብቻ የማስተማር ሥርዓት ሕገ ወጥ ነው ተብሎ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተወሰነው እርሳቸው ካረፉ ከ22 ዓመታት በኋላ፣ በ1954 ነው።

ሌላም ችግር ነበረ። የጋራ መዋጮ ጥቂት ማዋጣት የሚችለውን ሲያበረታታ፣ ፈጽሞ የሌለውን ወደ ኋላ ሊተው ይችላል። ፈንዱም ይህን በመገንዘብ፣ በመጨረሻዎቹ የግንባታ ዓመታት አንድም ትምህርት ቤት ላላገኙ አውራጃዎች የተለየ ድጋፍ መስጠት ጀምሮ ነበር።

ፈንዱ ዕድሜው እንዲወሰን መደረጉ

ሮዝንዋልድ ከዘመናቸው ባለጸጎች የሚለዩበት ሌላው አቋማቸው ፋውንዴሽን ለዘላለም መኖር የለበትም የሚለው ነው። ብዙ ለጋሾች ዋናውን ገንዘብ አስቀምጠው ከወለዱ ብቻ እየሰጡ ስማቸው እንዲዘልቅ ይሹ ነበር። ሮዝንዋልድ ግን እያንዳንዱ ትውልድ የራሱን ችግር እንደሚያውቅና የራሱንም ለጋሾች እንደሚያፈራ ያምኑ ነበር። የሞተ ሰው የጻፈው ደንብ በሕይወት ያሉትን ማሰር እንደማይገባውም በ1929 በጻፉት ጽሑፍ አስረድተዋል። በ1928 ፈንዱ በአዲስ መልክ ሲደራጅና ኤድዊን ኤምብሪ በፕሬዚዳንትነት ሲሾሙ፣ ዋናው ገንዘብ ጭምር እርሳቸው ባረፉ በ25 ዓመት ውስጥ ተጠናቅቆ እንዲወጣ ወሰኑ።

ስማቸው በየሕንፃው እንዲሰፍርም አይሹም ነበር። በቺካጎ ያቋቋሙት የሳይንስና ኢንዱስትሪ ሙዚየም በስማቸው እንዳይጠራ አድርገዋል። በሥራ ዓለምም ቢሆን በ1921 ኩባንያቸው በኢኮኖሚ ቀውስ ሊወድቅ በደረሰ ጊዜ፣ ከግል ሀብታቸው 20 ሚሊዮን ዶላር ያህል አውጥተው ታድገውታል።

ጥንካሬያቸው እንዳለ ሆኖ ፈንዱ አንድ ደካማ ጎን ነበረው። ሀብቱ በአብዛኛው የአንድ ኩባንያ አክሲዮን ነበር። በ1929 የአክሲዮን ገበያ ሲወድቅ የፈንዱ ሀብት ክፉኛ ተሸረሸረ። ለተጀመሩ ሥራዎች የተገባውን ቃል መፈጸም አስቸጋሪ ሆነ፤ የትምህርት ቤቶቹ ግንባታም በ1932 አበቃ። ጁሊየስ ሮዝንዋልድም በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 6 ቀን በ69 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከሕልፈታቸው በኋላ

ፈንዱ ከዚያ በኋላ በተረፈው ገንዘብ ለኮሌጆች፣ ለጤና አገልግሎትና ተሰጥኦ ላላቸው ሰዎች የትምህርት ድጋፍ መስጠቱን ቀጠለ። ከተጠቃሚዎቹ መካከል ዘፋኟ ማሪያን አንደርሰን፣ ገጣሚው ላንግስተን ሂዩዝ፣ ሠዓሊው ጄኮብ ሎውረንስ እንዲሁም በ1950 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበሉት ራልፍ በንች ይገኛሉ። ፈንዱ ከተወሰነለት ጊዜ ቀደም ብሎ በ1948 ገንዘቡን ጨርሶ ተዘጋ።

ትምህርት ቤቶቹ ያፈሩት ፍሬም በግልጽ ታይቷል። ለሲቪል መብቶች የታገሉት የምክር ቤት አባል ጆን ሉዊስ በልጅነታቸው በአላባማ ገጠር የተማሩት ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ነው። በቅርብ ዓመታት ጥናት ያካሄዱ የኢኮኖሚ ባለሙያዎችም፣ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በነበረው ጊዜ በደቡብ አሜሪካ በጥቁርና በነጭ ልጆች መካከል የነበረው የትምህርት ልዩነት እንዲጠብ ትምህርት ቤቶቹ ጉልህ ድርሻ እንደነበራቸው አረጋግጠዋል። ከ1954ቱ ውሳኔ በኋላ ብዙዎቹ ሕንፃዎች ተዘግተው ፈርሰዋል። የቀሩትን ግን የቀድሞ ተማሪዎችና የቅርስ ጠባቂ ማኅበራት እያደሱ ለመንደር አገልግሎት ያውሏቸዋል።

ለድጋፍ ጠያቂዎች የሚሆን ቁም ነገር

ከዚህ የሕይወት ታሪክ ለወጣቶች የሚሠሩ ማኅበራትና ድርጅቶች ልብ ሊሏቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ። አንደኛ፣ መዋጮ ማለት ጥሬ ገንዘብ ብቻ አይደለም። የወላጆች ጉልበት፣ የተለገሰ ቦታ፣ የባለሙያ ነፃ አገልግሎት በዋጋ ተተምኖ ሲመዘገብ በሎቻፖካ እንደሆነው የድርጅቱን አቅም ያሳያል። ሁለተኛ፣ በጋራ የተሠራው ንብረት በማን ስም እንደሚመዘገብና ማን እንደሚያስተዳድረው ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ መወሰን አለበት። ሦስተኛ፣ የፋውንዴሽን ድጋፍ ማብቂያ ስላለው፣ ሥራውን የሚረከበው አካል ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ሊታወቅ ይገባል። አራተኛ፣ አንድን ምንጭ ብቻ የሚጠብቅ ድርጅት ምንጩ በደረቀ ጊዜ አብሮ እንዳይደርቅ ገቢውን ከተለያዩ ወገኖች ማሰባሰብ ይኖርበታል።

ለለጋሾችም የሚሆን ትምህርት አለ። አበው ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ። ይህ አባባል እውነት የሚሆነው ግን ሎሚው በአቅም ልክ ሲከፋፈል ነው። ከሁሉ የደኸየው እኩል እንዲሸከም ከተጠየቀ፣ ወይም በግብሩ አስቀድሞ የከፈለበትን አገልግሎት ዳግም እንዲከፍል ከተደረገ፣ የጋራ መዋጮ ጌጥነቱ ቀርቶ ሸክም ይሆናል። የሮዝንዋልድ ትምህርት ቤቶች ሒሳብ ተዘርዝሮ መቀመጡ ታላቁን ድርሻ ያበረከቱት እነማን እንደነበሩ ዛሬም ለማወቅ አስችሏል። ለወጣቶች የሚውል ማንኛውም ገንዘብ ከየት እንደመጣና ምን እንደሠራ በዚሁ ግልጽነት ሊመዘገብ ይገባል።